ፊቷ ለምን አመድ መሰለ? ለዲጂታል ሰው ብርሃን አሰጣጥ ከመጀመሪያው እስከ ሬንደር

ቡና የምታፈላ ሴት እየሠራሁ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጅታብኛለች። ሹሩባዋን አንድ በአንድ ጎንጉኛለሁ፣ የነጠላዋን ጥለት ሳይቀር አስገብቻለሁ። ሬንደሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ አስልቶ የሚያወጣው የመጨረሻ ምስል፣ ሲያልቅ ላፕቶፑን ታቅፌ እናቴ ጋ ሄድኩ። መነጽሯን አደረገች፣ ጠጋ ብላ አየች። "ቆንጆ ናት" አለች። ትንሽ ቆየችና ደግሞ፣ "ፊቷ ግን አመድ መስሏል። ቅባት አጣች እንዴ?"

ከፋኝ። ግን እውነቷን ነበር። ሴትየዋ ከመጽሔት ተቆርጣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ትመስላለች። አፍንጫ አላት፣ ወደፊት ግን አልወጣም። ጉንጭ አላት፣ ዙሪያ ግን የለውም። ቤት ተመልሼ ስንት ላይት እንዳስገባሁ ቆጠርኩ። ሰባት! ጨለም ያለ ቦታ ባየሁ ቁጥር አንድ አንድ ስጨምር ከርሜያለሁ ማለት ነው።

ስድስቱን አጠፋሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የምጽፈው።

የምሠራው ብሌንደር በሚባል የ3ዲ ምስል መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፣ የእኔም አሮጌ ላፕቶፕ ይችለዋል። ሰውን ከባዶ መቅረጽ ለማይፈልግ ሜክሂውማን አለ፤ እሱም ነፃ ነው። ዳዝ ስቱዲዮ የሚባለውን ሌላ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ የአዝራሮቹ ስም ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ለእናንተ ግን አንድ ነገር ቶሎ ልንገራችሁ። ዳዝ ላይ ካሜራው ራሱ ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሯል፤ ሄድላምፕ ይባላል። ትዕይንቱ ውስጥ ሌላ ላይት ከሌለ በራሱ ይበራል። ብዙ ሰው የመጀመሪያ ሬንደሩን በዚህ ባትሪ ሠርቶ "ለምን ፕላስቲክ መሰለብኝ?" ይላል። አጥፉት።

ለምን ጠፍጣፋ እንደሚሆን

አንድ እንቁላል መስኮት አጠገብ አስቀምጡ። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ጥላ ይሄዳል። ዓይናችን "ይሄ ክብ ነው" የሚለው ያንን ጉዞ አይቶ ነው። አሁን ያንኑ እንቁላል በስልካችሁ ፍላሽ አንሱት። ክብ ወረቀት ሆነ አይደል? ብርሃኑ ከካሜራው አቅጣጫ ስለመጣ ጥላው በሙሉ ከእንቁላሉ ጀርባ ተደብቋል። የመታወቂያ ፎቶ ሁላችንንም የሚያስቀይመን በዚሁ ነው። ሰባት ላይት ዙሪያውን ሲበራም ውጤቱ ያው ነው። አንዱ የሠራውን ጥላ ሌላው ያጠፋዋል።

በነገራችን ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉት የድሮ ቅዱሳን ሥዕሎቻችን መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ የላቸውም። አያስፈልጋቸውምም። ኃይላቸው ከመስመራቸውና ከትልልቅ ዓይኖቻቸው ነው። ሠዓሊው ቅዱሱ ሥጋ ለብሶ ፊቴ ይቀመጥ ብሎ አልተነሳም። እኛ ግን ያንን ነው የምንፈልገው፣ ስለዚህ ጥላ ግድ ነው።

1. መጀመሪያ ቤቱን አጨልሙ

ብሌንደርን ስትከፍቱ አብሮ የሚመጣውን ላይት ሰርዙት። ከዚያ ወደ ወርልድ ገጽ ሂዱ። እዚያ ያለው ቀለም ጥቁር ይመስላል እንጂ ጥቁር አይደለም፤ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው። ሳታውቁት ከሁሉም አቅጣጫ ብርሃን እየረጨ ነው። ሙሉ ጥቁር አድርጉት። አሁን ሬንደር ብታደርጉ ምንም አይታይም። ልክ ነው፣ እንዲህ ነው የሚጀመረው።

የሬንደር ሞተሩን፣ ብርሃኑን የሚያሰላውን ክፍል፣ ሳይክልስ ላይ አድርጉ። ሌላው ሞተር ኢቪ ፈጣን ነው፣ ለቆዳና ለስስ ጨርቅ ግን ሳይክልስን ነው የማምነው። በከለር ማኔጅመንት፣ ብርሃኑ ወደ ስክሪን ቀለም በሚቀየርበት ክፍል ውስጥ፣ ኤጂኤክስ መመረጡን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ብሌንደር 4.0 ጀምሮ ራሱ የተመረጠ ሆኖ ይመጣል። በዕድሜ ገፋ ያለ ብሌንደር ካላችሁ ፊልሚክ ይሁን። ስታንዳርድ የሚለው ላይ ከሆነ ግን ደማቁ ቦታ ሁሉ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፤ እናንተም ላይቱ ጥፋተኛ መስሏችሁ ስትታገሉ ትውላላችሁ።

ቁመትም ይታይ። ሰውየው 1.7 ሜትር አካባቢ ይሁን። ከሌላ ቦታ የመጣ ሞዴል አንዳንዴ 17 ሜትር ይሆናል፣ አንዳንዴ 17 ሴንቲሜትር። የብርሃን ርቀትም ሆነ የቆዳው ውስጠኛ ብርሃን በዚህ ልክ ነው የሚሰላው። ካስተካከላችሁ በኋላ ኮንትሮል ኤ ተጫኑና ስኬሉን አጽድቁት።

ካሜራውንም አሁኑኑ አስቀምጡ። ለፊት 85 ሚሊሜትር ሌንስ ጥሩ ነው። ካሜራው ሳይቆም ላይት ማስቀመጥ ትርፉ ድካም ነው፤ ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሁሉም እንደገና ይጀመራል።

2. ሰውየውን ጭቃ አድርጉት

ይህን ደረጃ ለዓመታት ስዘለው ኖሬያለሁ። በቪው ሌየር ገጽ ኦቨርራይድ የሚል ክፍል አለ። እዚያ አንድ ግራጫ ማቴሪያል ስትሰጡት፣ ትዕይንቱ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ቆዳውም ልብሱም ግድግዳውም፣ በዚያ ግራጫ ይለበጣል። ጭቃ ሆነ ማለት ነው። ቆንጆ ቴክስቸር (ላዩ ላይ የሚለበጠው ሥዕል) ዓይን ያታልላል። በጭቃው ላይ ግን አፍንጫው ካልወጣ፣ አልወጣም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጭቃው አቅጣጫ እንጂ መጠን አይነግራችሁም። ግራጫው ከጠይም ቆዳ በጣም የነጣ ነው። ላይቱ የት እንደሚቆም በጭቃው ወስኑ፣ ስንት ዋት እንደሚሆን ግን ቆዳው ሲመለስ።

3. አንድ ላይት፣ አንድ ብቻ

ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ከመስኮት? ከበር? ከሻማ? መልስ ሳይኖራችሁ ላይት አትጨምሩ። የእኔ ሴትዮ በስተግራዋ መስኮት አለ፤ ስለዚህ ዋናው ላይት መስኮቱ ነው። የሙያው ሰዎች ኪ ላይት ይሉታል።

ሺፍት ኤ፣ ላይት፣ ኤሪያ። ቅርጹን ሬክታንግል አድርጉት፣ 1 ሜትር በ1.2 ሜትር። ከፊቷ 1.2 ሜትር ያህል ራቅ፣ ከካሜራው መስመር 45 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን፣ ከዓይኗ ትንሽ ከፍ ይበል። ኃይሉን በ30 ዋት ጀምሩ። ይህ ዋት አምፖል ካርቶን ላይ ከምታነቡት ጋር አይገናኝም፣ አታወዳድሩት። ላይቱን መርጣችሁ ሺፍት ቲ ከተጫናችሁ አይጡ ወዳለበት ይዞራል። ጉንጯ ላይ አነጣጥሩና ጠቅ አድርጉ።

አሁን አፍንጫዋን እዩ። ሌላ ሌላውን ተዉት፣ የአፍንጫዋን ጥላ ብቻ። ቀጥ ብሎ ወደ ከንፈሯ ከወረደ ላይቱ በጣም ከፍ ብሏል ወይም መሃል ላይ ቆሟል። ጆሮዋ ድረስ ከተዘረጋ በጣም ዝቅ ብሏል ወይም ወደ ጎን ሸሽቷል። ላይቱን ቀስ እያላችሁ አዙሩ። አንድ ቦታ ላይ የአፍንጫው ጥላ ከጉንጩ ጥላ ጋር ይገናኛል። በጨለማው ጉንጭ ላይ፣ ከዓይኗ ሥር፣ ትንሽ የብርሃን ሦስት ማዕዘን ትቀራለች። ይህን አበራር ዛሬም በሆላንዳዊው ሠዓሊ በሬምብራንት ስም ይጠሩታል፤ ሰውየው እ.ኤ.አ. ከ1606 እስከ 1669 የኖረ ነው። ሦስት ማዕዘኗ ከዓይኗ ስፋት ባትበልጥ ጥሩ ነው።

ግማሽ ሰዓት እዚህ ላይ ብታጠፉ አይቆጭም። እኔ ይህን ሳላገኝ ሁለተኛ ላይት አልነካም።

4. ትልቅና ቅርብ

የጥላው ጠርዝ ስለታም ነው ወይስ ለስላሳ? ይህን የሚወስነው የላይቱ መጠን ከርቀቱ ጋር ተደምሮ ነው። ፀሐይ እጅግ ትልቅ ናት፣ ነገር ግን ከመራቋ የተነሳ ሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ትይዛለች። ስለዚህ ጥላዋ ይቆርጣል። አንድ ሜትር የሆነ መስኮት ፊታችሁ አጠገብ ሲሆን ግን ጥላው ይሟሟል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ፖይንት ላይት ያስገባና አምስት ሜትር ያርቀዋል። ከነጥብ የሚወጣ ብርሃን ጥላው ቢላ ነው።

ቅርበት ሌላም ጥቅም አለው፤ ለእኔ ትልቁ ይሄ ነው። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። በሦስት እጥፍ ሲርቅ አንድ ዘጠነኛ ይቀራል። እስቲ እናስላው። ላይቱ ከፊቷ 1 ሜትር፣ ከኋላ ግድግዳው 3 ሜትር ቢርቅ፣ ግድግዳው የፊቷን ብርሃን አንድ ዘጠነኛ ብቻ ያገኛል። ጨለም ይላል፣ ሴትየዋ ወደፊት ትመጣለች። አሁን ላይቱን 4 ሜትር አርቁት። ግድግዳው 6 ሜትር ሆነ። ድርሻው አንድ ዘጠነኛ መሆኑ ቀርቶ ወደ ግማሽ ተጠጋ። ዋቱን ጨምራችሁ ፊቷን እንደ በፊቱ ብታደምቁትም፣ ግድግዳው አብሯት ይደምቃልና ሁለቱ ተጣበቁ። የእኔዋ ሴትዮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈችው በዚህ ነው። ላይቱ ትልቅ ሆኖ በጣም ሲቀርብ ስሌቱ ትንሽ ይላላል፣ አቅጣጫው ግን ያው ነው።

5. ጥላውን ለመሙላት አትቸኩሉ

የፊቷ አንዱ ወገን አሁን ጨልሟል። እጃችሁ ሁለተኛ ላይት ሊጨምር ያሳክከዋል። ቆዩ።

ሳይክልስ ብርሃን ከግድግዳና ከወለል ሲነጥር ያሰላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቤት ስጧት። ወለል፣ ከኋላ ግድግዳ፣ በጨለማው ወገን ሌላ ግድግዳ። ከካሜራው ውጭ ቢሆንም ችግር የለውም። የእኔ ትዕይንት ቀላ ያለ የጭቃ ግድግዳ አለው። ያ ግድግዳ የመለሰው ሞቅ ያለ ብርሃን የጥላውን ጉንጭ በራሱ ሞላው። ከየትኛውም ፊል ላይት (ጥላ መሙያ ላይት) የበለጠ እውነት መሰለ፤ ምክንያቱም ቀለሙ ከቤቱ የመጣ ነው።

ግድግዳው በቂ ካልሆነ ብቻ ፊል ላይት ጨምሩ። ትልቅ ይሁን፣ ሁለት ሜትር። ኪው 30 ዋት ከሆነ ይሄንን በ5 ጀምሩ። ፊቷ ላይ ሁለተኛ የአፍንጫ ጥላ ካያችሁ በዝቷል።

የተገላቢጦሹም ይሠራል። ጥላው ከሳሳባችሁ በዚያ በኩል አንድ ጥቁር ሰሌዳ አቁሙ። ብርሃን ይውጣል፣ ጉንጩ ይጠልቃል። ፎቶ አንሺዎች ጥቁር ጨርቅ ይዘው የሚዞሩት ለዚሁ ነው።

6. ከጀርባ

ሹሩባ ጥቁር ነው። ከኋላ ያለው ጨለማም ጥቁር። ያለ ጠርዝ ብርሃን ጭንቅላቷ የት እንዳለቀ አይታወቅም። ሪም ላይት የሚባለው ለዚህ ነው። ቀጭን ኤሪያ ላይት፣ 20 ሴንቲሜትር በ1.2 ሜትር፣ ከኋላዋ ወደ አንድ ጎን ሸሸት አድርጉና ከራሷ ትንሽ ከፍ አድርጉት። 10 ወይም 15 ዋት ይበቃል። ብርሃኑ ጉንጉኑን ገርፎ ሲያልፍ እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ጫፍና የራሱ ጥላ ይኖረዋል። ሦስት ሳምንት የጎነጎንኩት ያኔ ገና ታየ።

ለዚህም ምክንያት ይኑረው። በእኔ ቤት ከኋላ በኩል ወደ ጓዳ የሚያስገባ በር ገርበብ ብሏል። በሁለቱም ትከሻ ላይ ሰማያዊና ብርቱካን ጠርዝ ከደረባችሁ ግን የቪዲዮ ጌም ፖስተር ሆነ። ለዚያ ከሆነ የምትሠሩት ጥሩ፣ ቡና ለምታፈላ ሴት ግን አይሆንም።

7. ወዝ

ወደ እናቴ ጥያቄ መጣን። ጭቃውን አንሱና ቆዳውን መልሱ።

አብዛኛው የኢንተርኔት ትምህርት ፊቱ የነጣ ሰው ይዞ ነው የሚያስተምረው። የእነሱን ቁጥር ለእኛ ሰው ስትገለብጡት አመድ ይወጣል። ምክንያቱን ለማየት ቆዳ ላይ የሚሆነውን ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ብርሃን ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ቀለም ይዞ የሚወጣው ነው። ሌላው ላይኛውን ነክቶ ሳይገባ የሚመለሰው ነው። ይህን ሁለተኛውን ወዝ እንበለው፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም።

ጠይም ቆዳ ውስጥ ከገባው ብርሃን ብዙው እዚያው ይቀራል። ወዙ ግን ለጠይምም ለቀይም ያው ነው። የቆዳ አይኦአር (ብርሃን ሲገባ የሚታጠፍበት ልክ) 1.4 ነው ብለን ብናሰላ፣ ፊት ለፊት ከመጣ ብርሃን ወደ 3 በመቶ ገደማ ከላይ ይመለሳል፤ በጎን ሲመጣ ደግሞ ይጨምራል። በነጣ ቆዳ ላይ ያ 3 በመቶ ከሥሩ ካለው ድምቀት ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። በጠይም ቆዳ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጉንጭ አጥንት፣ የአፍንጫ ድልድይ፣ የግንባር ጉብታ፣ ቅርጻቸውን የሚናገረው ወዙ ነው። ጀማሪው ግን ፊቱ ጨለመ ብሎ ዋት ይጨምራል። ወይም ቤዝ ከለሩን፣ የቆዳውን መሠረታዊ ቀለም፣ ያነጣዋል። ያኔ ቡናማው ይደበዝዝና፣ ይኸው፣ አመድ።

የእኔ ሴትዮ ራፍነስ (የላይኛው ቆዳ ሻካራነት ቁጥር) 0.8 ነበር። ይህ ማለት ወዙ ፊቷ ሁሉ ላይ ተበትኖ እንደ አቧራ ተነስንሷል። ሐምሌ ላይ ብርድ የመታው፣ ቅባት ያልነካው ጉልበት አስቡ። ልክ እንደዚያ። ወደ 0.45 አወረድኩት። ግንባሯና አፍንጫዋ ላይ 0.35 አካባቢ፣ ጉንጯ ጎን ላይ 0.5። በአንድ ቁጥር መላውን ፊት ከቀባችሁ ደግሞ ሰም ይሆናል፤ ስለዚህ ራፍነሱን በጥቁርና ነጭ ካርታ ከፋፍሉት።

ከዚያ ላይቱን እንደገና አንቀሳቅሱ። አሁን የምትፈልጉት ጥላ ብቻ አይደለም። ጉንጯን እንደ ጎበጠ መስታወት ቁጠሩት። መስኮቱ እዚያ ውስጥ ለካሜራው እንዲታይ ነው የምትፈልጉት። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ኪ ላይቱን ከ45 ወደ 60 ወይም 70 ዲግሪ ወደ ጎን መግፋትና ማተለቅ ነው። ዋቱ አንድም ሳይጨምር ጉንጯ ከጥላው ብድግ ሲል ታያላችሁ። እኔ ስክሪኑ ላይ ያጨበጨብኩት እዚህ ቦታ ላይ ነው። ብቻዬን ነበርኩ፣ ደግነቱ።

የብርሃኑ ቀለምም አመድ ያመጣል። ሰማያዊ የበዛበት ፊል ላይት በቡናማ ላይ ሲያርፍ ሁለቱ ይጠፋፉና ግራጫ ይሆናል። ኪውን ትንሽ ሞቅ አድርጉት። ላይቱ ላይ ዩዝ ኖድስን ተጫኑ፣ ብላክቦዲ የሚለውን ኖድ ከከለሩ ጋር አገናኙ፣ 4,800 ኬልቪን አካባቢ ጀምሩ። ለማነጻጸር ያህል፣ ሻማ ወደ 1,900 ነው፣ የድሮው አምፖል 2,700፣ የቀትር ፀሐይ 5,500 አካባቢ።

ሰብሰርፌስ የሚለውም አለ፤ ብርሃን ሥጋ ውስጥ ገብቶ ቀላ ብሎ የሚወጣው። ማታ ባትሪ መዳፋችሁ ላይ ስታበሩ ጣታችሁ ይቀላል፣ እሱ ነው። በአዲሶቹ ብሌንደሮች ፕሪንሲፕልድ በሚባለው ዋና ማቴሪያል ላይ ስኬሉ 0.05 ሆኖ ይመጣል። አምስት ሴንቲሜትር ማለት ነው! በዚያ ልክ ሴትየዋ ሙጫ ትሆናለች። ወደ 0.005 አውርዱት። በትክክል ከሠራ ጉንጯ ላይ አይታወቅም፤ የምታውቁት ሪም ላይቱ ጆሮዋን ከኋላ ሲነካው ጠርዙ ቀላ ሲል ነው።

8. ዓይን፣ ነጠላ፣ ፍም

ዓይን ውስጥ ትንሽ ነጭ ነጥብ ከሌለ ሰውየው ሞቷል። መስኮቱ በላይኛው የዓይን ጥቁር ላይ፣ ወደ መስኮቱ ወገን ጠጋ ብሎ መታየት አለበት። የእኔዋ ወደ ጀበናው አቀርቅራ ስለነበር ሽፋሽፍቷ ጋረደው። ትንሽዬ ላይት ጨምሬ በላይት ሊንኪንግ ዓይኗን ብቻ እንዲያበራ አደረግኩ። ማጭበርበር ነው፣ አውቃለሁ። ላይት ሊንኪንግ ከ4.0 ጀምሮ አለ።

ነጠላ ከምትገምቱት በላይ ያስቸግራል። ሙሉ ነጭ ከሰጣችሁት አንሶላ ይሆናል። ቀለሙ ከ0.75 አይብለጥ። ጨርቁ ስስ ነው፤ ብርሃን ያልፈዋል። ዲፊውዝና ትራንስሉሰንት የሚባሉትን ሁለት ሼደሮች በሚክስ ሼደር ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉ። ሪም ላይቱ ከኋላ ሲመታው ትከሻዋ ላይ ያለው አንድ ድርብ ፍክት ይላል፤ እጥፋቱ የተደራረበበት ቦታ ደግሞ ይጠቁራል። ጥለቱ ፈትሉ ወፍራም ስለሆነ ከእጥፉም በላይ ይጨልማል። ይህን ልዩነት ያየ ሰው ጨርቁን በእጁ የነካው ያህል ያምናል።

ፍሙ ቀላል ነው። ከጀበናው ሥር ትንሽ ብርቱካን ላይት ወደ ላይ አዙሩ፣ 1 ዋት ወይም ከዚያ በታች። ከበዛ የጅብ ታሪክ የሚነግር ሰው ፊት ይሆናል፤ ከታች የሚመጣ ብርሃን ሁሉ ያስፈራል። እጇና አገጯ ሥር ትንሽ ሙቀት ከታየ በቃ።

በርጩማዋና እግሯ ወለሉን የነኩበትን ቦታ አስፍታችሁ እዩ። እዚያ ጠቆር ያለ ቀጭን ጥላ ከሌለ ሴትየዋ ተንሳፍፋለች። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላይቱ አይደለም፤ እግሯ ከወለሉ ሁለት ሚሊሜትር ከፍ ብሏል። ዝቅ አድርጓት።

ትዕይንቱ ውጭ ከሆነ

ኤችዲአርአይ የሚባለው ክብ ፎቶ ዙሪያውን ሰማይና መሬት ይሰጣችኋል። ፖሊ ሄቨን ላይ በነፃ ይገኛል፣ ለሥራም መጠቀም ይቻላል። ችግሩ፣ ደመናማ ቀን የተነሳውን ከመረጣችሁ ብርሃን ከሰማዩ ሁሉ ይወርዳልና እንደገና ጠፍጣፋ። እኔ ጥንካሬውን ወደ 0.3 አወርድና ከላዩ አንድ ሰን ላይት አቆማለሁ። የፀሐዩ ጥላ በፎቶው ውስጥ ካለችው ፀሐይ ጋር አንድ አቅጣጫ መሄዱን ግን አረጋግጡ። ሁለት ፀሐይ ያለው ሬንደር ስንቱን አዋርዷል።

አዲስ አበባን የምትሠሩ ከሆነ ቀትርን ተዉት። ከተማዋ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ ፀሐይ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች። ሰው የገዛ ጥላውን ይረግጣል፣ የዓይን ጉድጓድም ጥቁር ቀዳዳ ይሆናል። ጠዋት 2 ሰዓት ወይም ከሰዓት 11 ሰዓት ምረጡ፤ ጥላው ይረዝማል፣ ፊት ቅርጽ ያገኛል። ስካይ ቴክስቸር የምትጠቀሙ ከሆነ ከፍታ የሚሞላበት ቦታ አለው፤ 2,350 ሜትር ብትሉ ለአዲስ አበባ ልክ ነው።

ከሬንደር በፊት

ላይቶቹን አንድ በአንድ አጥፉና አብሩ። አንዱን አጥፍታችሁ ምንም ካልጎደለ ሰርዙት፣ አትዘኑ። ከዚያ ምስሉን ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል አሳንሱት። ሴትየዋ አሁንም ከግድግዳው ከተለየች ብርሃኑ ሠርቷል። በስልክም እዩት፤ ብዙው ተመልካች በስልክ ነው የሚያየው፣ በስክሪናችሁ ላይ የሚታይ ጥላ እዚያ ድፍን ጥቁር ሊሆን ይችላል።

ሳምፕሉን (ለእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን ስንት ጊዜ እንደሚሰላ) 4,096 ላይ መተው በላፕቶፕ ላይ ጭካኔ ነው። ለሙሉ ሰው 512 ከዲኖይዝ (ነጠብጣብ ማጽጃ) ጋር ይበቃኛል። ፊት ብቻ ሲሆን ግን ወደ 1,500 አወጣዋለሁ፤ ዲኖይዘር ጥርጊያ ሲያበዛ የቆዳውን ቀዳዳዎች አብሮ ይጠርጋል። ላይቶቹን በየላይት ግሩፑ ከፍላችሁ መልቲሌየር ኢኤክስአር በሚባለው የፋይል ዓይነት ካስቀመጣችሁ፣ ሬንደሩ ካለቀ በኋላም መስኮቱን ማድመቅ፣ ፍሙን ማደብዘዝ ትችላላችሁ። ደንበኛ "ትንሽ ይብራ" ሲል ሌሊቱን እንደገና አታድሩም።

አኒሜሽን ከሆነ በቀጥታ ቪዲዮ አታውጡ። አንድ ጊዜ ሊጠናቀቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄዶብኝ ሙሉ ፋይሉ ተበላሽቷል። ፍሬም በፍሬም በፒኤንጂ ይውጣ። አውትፑት ገጽ ላይ ኦቨርራይት የሚለውን ምልክት አንሱት። መብራት ሲመጣ ሬንደሩን መልሳችሁ ስታስነሱ ያለቁትን እየዘለለ ይቀጥላል። ፕሌስሆልደርስ የሚለውን አትንኩት፤ በአንድ ማሽን አያስፈልግም፣ ጭራሽ መብራት በሄደበት ፍሬም ላይ ባዶ ፋይል ትቶ ያስዘልላችኋል።

አዲሱን ሬንደር ቅዳሜ ለእናቴ ወሰድኩላት። ሁለት ላይት፣ ከዓይኗ ማጭበርበሪያና ከፍሙ ጋር አራት። መነጽሯን አደረገች። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

"ጀበናው ሲወርድ የት ላይ ሊያርፍ ነው?" አለችኝ። "ማቶት የላትም እኮ።"